በአንድ በግ የሸጥኩት የዕድሜ ልክ ሥራ

ልጄ ከደብረ ብርሃን የመጣች ሳምንት እህል አልዋጥልህ አለኝ። ሕመም አልነበረም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በበግ አርቢዎች ማኅበራችን ፊት ቆሜ እንድመሰክርላት ጠይቃኝ ነው።

እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ወናፍ ያዝኩ። ስለዚህ ስለ ሶፍትዌር የምጽፈው የገባኝን ያህል ብቻ ነው። ልጄ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና በስልክ የሚሠራ የበግ መዝገብ ሠርታለች። የእኛ ማኅበር አውራ በግ በጋራ ነው የሚይዘው፤ የትኛው ግልገል ከየትኛው አውራ እንደተወለደ ካልተጻፈ አባት ከልጁ ጋር ይገናኝና ዘሩ ይቀጭጫል። ድሮ በደብተር ይጻፍ ነበር፤ ደብተሩን አንዴ ዝናብ አንዴ አይጥ ይበላዋል። አሁን የበጊቱን የጆሮ ቁጥር ስልኩ ላይ ሲጽፉት ትውልዷ እስከ አያቷ ይወጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጣጣው ዋጋው ላይ ነው። እስካሁን የሚከፈለው በየወሩ ነበር። ገበሬ ደግሞ በየወሩ ብር የለውም፤ ብር የሚያየው በግ ሲሸጥ ነው። አንዱ ይረሳል፣ አንዱ ኔትወርክ የለም ይላል፣ ሌላው «በገዛ በጎቼ የወር ግብር ልክፈል?» ይላል። እናም ልጆቹ መክረው አዲስ ዋጋ አወጡ፤ አንዴ የከፈለ ዕድሜ ልኩን ይጠቀማል፣ ዳግመኛ አይጠየቅም።

«ዕድሜ ልክ ሲባል እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«እስከፈለጉ ድረስ ነዋ፣ አባዬ።»

«እናንተስ እስከዚያ ትኖራላችሁ?»

ሳቀችና ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መዝገቡ ስልኩ ውስጥ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፤ ባሕር ማዶ ያለ ማሽን ላይ ነው፤ ለሱም በየወሩ በዶላር ኪራይ ይከፈላል። አዲስ ዓይነት ስልክ በመጣ ቁጥርም መዝገቡ እየታደሰ መሄድ አለበት፤ አለበለዚያ አይከፈትም።

«እንግዲያው ከሰል በሉት» አልኳት።

«እንዴት?»

«ማረሻ በተሳለ ቁጥር ከሰል ይነዳል። ገበሬው አንዴ ከፍሏል ብሎ ከሰል ሻጩ በነፃ አይሰጥሽም።»

«አውቃለሁ። ግን አሁን እጃችን ባዶ ነው። የዚህ ወር ኪራይ ካልተከፈለ መዝገቡ ይዘጋል። ያኔ የወርም የዓመትም ዋጋ የለም።»

«በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ በግ ሲሸጡ ቢከፍሉስ?»

«እስከ ፋሲካ ማን ያደርሰናል? ይልቅ እርስዎ አንድ ቃል ይናገሩልኝ። ሰዉ እኔን ሕፃን እያለሁ ነው የሚያውቀኝ፤ እርስዎን ግን ያምናል።»

ያስጨነቀኝ ይኸው መታመኔ ነበር።

ልጄ ሳትወለድ የሆነ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ ገበሬው አዝመራ ሲያስገባ ለቀጥቃጭ አንድ ቁና ገብስ ይሰፍርለታል፤ ቀጥቃጩም ዓመቱን ሙሉ ማረሻውንና ማጭዱን ይስልለታል። አንድ ዓመት ታዲያ አንድ ሹፌር የተሰባበረ ባሌስትራ ክምር ዘመሮ ከተማ አምጥቶ ሊሸጥ ነው ተባለ። ባሌስትራ የከባድ መኪና ጭነት የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ እንደሱ ማረሻ የሚወጣው ብረት የለም። ሹፌሩ ከፋፍሎ አልሸጥም አለ። እኔ ደግሞ ብር የለኝም። ጎረቤቶቼን ሰበሰብኩና «አንድ በግ የሰጠኝ ሰው ከእንግዲህ ቁና አይሰፍርልኝም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ እስልለታለሁ» አልኩ።

ዘጠኝ ሰው በግ ነድቶ መጣ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና በጎቹን አይታ ደስ አላላትም። «ገብሱስ?» ብቻ አለችኝ።

ባሌስትራው ሁለት ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ዘጠኙ ሰዎች ግን አላለቁም። ከሰል ተወደደ። አሥረኛ ሰው ፍለጋ ሌላ መንደር ድረስ ሄጃለሁ፤ የአሥረኛውን በግ ሸጬ ለዘጠኙ ከሰል ልገዛ ነበር አሳቤ። ልዋሽ አልችልም፣ ከመካከላቸው አንዱ ጠና ታመመ የተባለ ጊዜ ልቤ ምን እንዳሰበ እኔና እግዜር እናውቃለን። ድኖ ሲመጣ አፍሬ ማረሻውን ከማንም አሳምሬ ሳልኩለት።

ከሁሉ የከፋው የእጄ መለወጥ ነው። ቁና የሚሰፍረው ሲመጣ ክንዴ ራሱ ይፈጥናል። በግ የሰጠኝ ሲመጣ ሰበብ አላጣም። አንድ የበልግ ማለዳ ከዘጠኙ አንዱ ማረሻውን ተሸክሞ ሲመጣ ከሩቅ ስመለከተው ሮጬ ወናፉ ኋላ ገባሁና ባለቤቴን «ገበያ ሄዷል በይው» አልኳት። ሰውየው ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጉልበቴ እስኪደነዝዝ ተጎንብሻለሁ። ኋላ «ሲመጣ ሰላም በይልኝ» ብሎ ማረሻውን ትቶ ሄደ። ያ ሰው ዛሬ የበግ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው።

እሁድ ደረሰ። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ብርድ የሰውን ጋቢ እየገለበ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ግንቡን ተጠግተን ተቀመጥን። ልጄ ቆማ ስልኳን እያሳየች ተናገረች፤ ጥሩ አድርጋ ነው የተናገረችው። ሲያልቅ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ።

«በል አባት ይናገር። ልጁን የሚያውቅ አባት ነው።»

ተነሣሁ። ልጄ እጇን አጣምራ ታየኛለች። ግዙ ብል ከሰሉን እያወቅሁ ጎረቤቶቼን ማታለል ነው። አትግዙ ብል የልጄን ቤት በገዛ እጄ መዝጋት ነው። ስለዚህ የራሴን ታሪክ አወራሁላቸው፤ ፍርዱን እነሱ ይስጡ ብዬ። ባሌስትራውን፣ ዘጠኙን በግ፣ የእጄን መክበድ፣ ሁሉንም። ወናፉ ኋላ መደበቄንም አልደበቅሁም።

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ያን ቀንማ እግርህ ይታየኝ ነበር።»

ሰው አውካካ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«ምን ልበል? ሰው በገዛ ቤቱ ሲደበቅ ሳይ አሳዘንከኝ።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «ይኸውላችሁ፣ በጌን ስሰጠው ጎረምሳ ነበርኩ፤ ዛሬ ሸብቻለሁ። በሱ ምክንያት ሳላርስ የቀረሁበት ዓመት አለ? አንተው ተናገር።»

«የለም።»

«አለቀ። ያንተ ልጅ ናት።»

አንዲት በግ አርቢ ጎረቤቴ ከኋላ «ቆይ፣ ሶፍትዌሩም የሚደበቁበት ወናፍ አለው እንዴ?» አለች። ልጄ ሳይቀር ሳቀች።

ለማስጠንቀቂያ የተናገርኩትን ዋስትና አደረጉት። ሳቁ ሳይበርድ ሰዉ ያጠራቀማትን ብር ሊልክ ስልኩን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ ያልጨረስኩት ነገር ነበረኝ። ቃሌን የጠበቅሁት በራሴ ጽናት አልነበረም። ባለቤቴ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር፤ ከፈተለችው ባና፣ ያን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ታሠራና ገበያ አውጥታ ከሰሉን የምትገዛልኝ እሷ ነበረች፤ ስንት ዓመት። የነዚያን ዘጠኝ ሰዎች ማረሻ የሳለ የእሷ ጣት ነው። ይህን ልናገር «ስሙኝማ» ስል፣ «ከፍለናል፣ ቁጭ በል» አለኝ አንዱ በደግነት። ቁጭ አልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ ቀደም ቀደም ትል ነበር።

«ተቀየምሽኝ?» አልኳት።

«ኧረ አልተቀየምኩም። መጀመሪያ ላይ ደንግጬ ነበር። ኪራዩ እኮ እስከ ክረምት ተገኘ፣ አባዬ።»

«ከክረምት በኋላስ?»

«ጊሼ እንሄዳለን። ራቤልም ማኅበር አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወደ መርሐቤቴ።»

«እዚያም ሲያልቅ?»

እርምጃዋን ጨመረች። ያንቺን ክር ማን ይፈትልልሻል ብዬ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። አግብታ አታውቅም፤ ያስከፋታል ብዬ ፈራሁ። ብቻ ሌሊቱን ሙሉ አገር ስቆጥር አደርኩ፤ ከዚያ ወዲያ የትኛው ወረዳ በግ እንደሚያረባ።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ልትይዝ ቦርሳዋን እንዳነገተች ያቺ የቀለደችው ጎረቤቴ መጣች። ልጇ ከከተማ ሌላ ስልክ ልኮላት መዝገቡ አልከፈት ብሏታል። «ከፍያለሁኮ» አለች፤ ክፋት የለበትም፣ እንዲሁ ነው ያለችው። ልጄ «ችግር የለም፣ እናቴ» ብላ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ከታች ጡሩንባውን ነፋ። እኔ አንዴ መንገዱን አንዴ ልጄን አያለሁ፤ እሷ አንገቷን አላነሣችም። ሁለተኛ ነፍቶ ሄደ።

ስልኩን አስተካክላ ስትመልስ ሌሎች ሁለት ሰዎች አጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱም ትናንት የከፈሉ ናቸው። ገብቼ በርጩማ አወጣሁላቸው።