ቆጡ ላይ የወጣው እርጥብ ድንኳን

ባለቤቴ ሚኒባሱን ግቢያችን ውስጥ ካለው ማደሪያው አቁሞ፣ መለዋወጫ ጎማውን ከጭንቅላታችን በላይ ወዳለው የብረት መደርደሪያ ሲያወጣ፣ ብረቱ ሲጢጥ ይላል። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ሽቅብ አያለሁ። «ስንቴ ልንገርህ፣ ከባድ ከባዱን ታች አድርገው!» እለዋለሁ፤ እሱም «እሺ፣ እሺ» ይልና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጎማውን ይሰቅላል። ደብረ ብርሃን ከገባን ጀምሮ ይህንኑ ስጨቀጭቅ ኖሬአለሁ፤ አሁንስ ደከመኝ። እሱ ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ነው፣ ምን ያድርግ! እኔ ግን ያደግሁት መንዝ፣ ከቆጥ ሥር ነው።

ቤታችን ከሞላሌ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ የሚገኝ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነ የድንጋይ ቤት ነበር። ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ሁለት የጥድ አግዳሚዎች ተዘርግተው፣ በላያቸው ቀጫጭን እንጨት ተረብርቦና በጠፍር ተጠፍሮ፣ የቤቱን እኩሌታ የሚሸፍን ቆጥ ተሠርቶ ነበር። ወለሉ ለሰውና ለከብት ስለማይበቃ፣ እንዳይረገጥ ወይም እንዳይበሰብስ የተፈለገ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነበር። ከቆጡ ሥር ምድጃው አለ፣ ከምድጃው አጠገብ ደግሞ የእናቴ መደብ። መደቡ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ እንደ አልጋ ተነሥቶ ወዲያ የሚደረግ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ የከብቶቹ ጋጣ ነው።

ኅዳር ገብቶ ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ሲያበቃ፣ ቆጡን የምታዘው እናቴ ነበረች። የዘሩን ገብስ ሁልጊዜ በግድግዳው በኩል፣ አግዳሚው ግንቡ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ታስደረድረውና፣ መሃሉን ለበግ ጠጉርና ለባዶ ስልቻ ትተወዋለች። አባቴ መሰላሉ ላይ ቆሞ ሲቀበል እሷ ከታች እያቀበለች፣ «ከሥሩ ውጡ! የሚወድቅ ነገር ስም እየጠራ አይመጣም!» እያለች እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወደ በሩ ታባርረን ነበር። መሰላሉን ሰው ሳይዘው ከወጡባትማ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም።

ችግሩ የእኛ ዕቃ አልነበረም። አባቴ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነበር። ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ቋሚዎች፣ ትላልቆቹ ድስቶች፣ በርሜሉ፣ ሁሉም ከእኛው ቆጥ ላይ ነበር የሚሰቀለው፣ ምክንያቱም ክዳናችን አያፈስም ነበር፣ አባቴ ደግሞ ሰውን እንቢ ማለት አያውቅበትም። ጥር ሲመጣና ሠርጉ በየመንደሩ ሲደራረብ ዕቃው ሁሉ በውሰት ይወጣና፣ እናቴ ባዶውን ቆጥ ቀና ብላ እያየች «እፎይ፣ ቤቴ ቤት መሰለ» ትል ነበር። ያቺ የጥር እፎይታ ግን ሁዳዴ ሲገባ ታበቃለች። ዕቃው ሲመለስ ብቻውን አይመለስም፤ አንዱ ለንግድ ወደ ዓለም ከተማ ሲሄድ ሳጥኑን ያመጣል፣ አንዷ ቤቷን እስክታድስ መዝጊያዋን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥገና የተረፈው ቆርቆሮ እንኳ ሳይቀር እኛ ጋ ነበር የመጣው። «ለጥቂት ቀን ነው» ይላል አባቴ። ጥቂት ቀኑ ዓመት ይሞላዋል። አንዴ በአደራ የገባ ነገር ደግሞ ባለቤቱ ሳይኖር አይነካም፣ አይነሣም፤ እናቴ በገዛ ቤቷ የሰው ሳጥን ገፋ ለማድረግ ፈቃድ ትለምን ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ከሁለቱ አግዳሚዎች አንደኛው መሃሉ ላይ ጎበጥ ማለት ጀመረ። እናቴ እርጉዝ ነበረች፣ መውለጃዋም ቀርቧል። «እዚህ ሥር እኮ ነው የምወልደው። ወይ ዕቃውን አውርድልኝ፣ ወይ ድጋፍ አቁምልኝ» አለችው። አባቴም «አቆማለሁ፣ ነገ አቆማለሁ» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እውነቴን ነው፤ የሰው ነገር የጠራው እንደሆነ ግን የቤቱን ይረሳ ነበር። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ገባ፣ ድጋፉ አልቆመም፣ እህቴም እዚያው መደብ ላይ ተወለደች።

እናቴ አራስ ሆና ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከመንደራችን አንድ ሽማግሌ አረፉ። ድንኳኑ ከቆጡ ወርዶ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ሰነበተ። በነሐሴ መንዝ ላይ ድንኳን የሚያደርቅ ፀሐይ ከየት ይመጣል! በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ሰው ይበቃው የነበረውን ሸራ አራት ወንዶች ጠቅልለው ተሸክመው፣ ውሃው በጀርባቸው እየወረደ፣ እያቃሰቱ አስገቡት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደጀኔም ከዘራቸውን ይዘው ከኋላ ገቡ።

እናቴ ከመደቧ ቀና አለችና «አንተ ሰውዬ፣ ይህ ነገር ውሃ ጠጥቷል። ዛሬን እንኳ መሬት ይደር» አለችው።

«መሬትማ ከብት ይረግጠዋል። የሕዝብ ዕቃ እኮ ነው» አለ አባቴ፣ እሷን ሳይሆን ሰዎቹን እያየ።

ጋሽ ደጀኔ አግዳሚውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ ልጄ፣ ጥድ ነው፣ ምንም አይለው» አሉ።

«እኔና ይቺ ልጅስ የማን ዕቃ ነን?» አለች እናቴ።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ መሰላሉን ያዘ። ግድግዳው ጥግ በቆርቆሮውና በሳጥኑ ተይዞ ስለነበር፣ ያ እርጥብ ሸራ የተቀመጠው መሃሉ ላይ፣ እናቴ ዘወትር የበግ ጠጉር በምታስቀምጥበት ቦታ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እኔ ምድጃው ሥር ተቀምጬ ገብስ እቆላ ነበር፣ አባቴ ደግሞ በሩ አጠገብ ቀንበር ይጠግናል፤ ወንድሜ ከብቶቹን ይዞ ወጥቷል። ከላይ አንድ ጠብታ ወርዶ የእህቴ ግንባር ላይ አረፈ። እናቴ ጠረገችው። ሌላ ወረደ። ቀና ብላ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ወዲያውም አግዳሚው ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ከዚያም ቋ! አለ። አባቴ ቀንበሩን ወርውሮ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ ሳየው ከተሰነጠቀው እንጨት ሥር ገብቶ ቀኝ ትከሻውን ደግኖ ቆሟል፣ የአንገቱ ሥር ሁሉ ተገታትሯል። «ውጡ! ልጅቷን ይዛችሁ ውጡ!» አለ። እናቴ እግሯ ገና አልጠናም ነበር፤ እህቴን ከእቅፏ ነጥቄ ሮጥኩ፣ እሷም ቀሚሴን እንደያዘች ተጎተተች። በሩን አልፈን ዝናቡ ውስጥ እንደቆምን ኡኡታዬን ለቀቅሁት። ጎረቤት ግንድ ይዞ ሊደግፍለት እየሮጠ ሲመጣ ቆጡ ከነሸክሙ ወረደ። አባቴን ከሸራው ሥር ጎትተው ሲያወጡት በሕይወት ነበር፣ ቀኝ ክንዱ ግን እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጋሽ ደጀኔ ደረሱ። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ ሲያቃስት አዩት፤ ቀጥሎ ግን እጃቸው የሄደው ወደ ድንኳኑ ነበር። አንድ ጫፉን ገለጥ አድርገው «ተመስገን፣ አልተቀደደም» አሉ።

«ምነው በተቀደደ!» ብላ ጮኸች እናቴ፣ ዝናብ ላይ እንደቆመች። «ምነው ብጥቅጥቅ ባለ!»

እናቴ በሽማግሌ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ጋሽ ደጀኔ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዝናቡ ራሳቸው ላይ እየወረደ፣ ረጅም ጊዜ ቆሙ።

ወጌሻ መጥቶ አጥንቱን ቢያስረውም የአባቴ ክንድ ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ አልወጣም። ክረምቱ አልፎ የእርሻ ወራት ሲመጣ ግን ሳንጠራቸው መጡ። የእድሩ ሰዎች ተራ ገብተው፣ በሬያቸውን ይዘው፣ መሬታችንን አረሱልን፤ በመጀመሪያው ቀን ሞፈሩን የጨበጡት በዚያ ዕድሜያቸው ጋሽ ደጀኔ ራሳቸው ነበሩ። አንድ ዓመት መስሎን ነበር። ወንድሜ ለእርሻ እስኪደርስ ድረስ፣ በየዓመቱ፣ አንድም ጊዜ ሳያጓድሉ አረሱ። እናቴ ጠላውን ታቀርብላቸውና ሳትናገር ትመለስ ነበር። አልታረቀችም፣ ግን ለክፋት አልነበረም፤ በደሉንና ውለታውን በአንድ ሆድ መያዝ አቅቷት ነው ብዬ አስባለሁ። አባቴ ደግሞ ሰው በሬውን ሲጠምድለት ላለማየት ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ይቀመጥ ነበር።

እናቴ ካለፈች በኋላ አባቴን ወደ እኔ አመጣሁት። ባለፈው ሰሞን መኪናው የሚያድርበት ቦታ በርጩማ አውጥቼለት ፀሐይ ሲሞቅ፣ መደርደሪያውን ሲያይ ቆየና «ይህ ሁሉ የማን ነው?» አለኝ።

«የእኛው ነው፣ አባዬ።»

«የሰው ዕቃ የለበትም?»

«የለበትም። አስቀምጪልን የሚሉኝን ቦታ የለኝም እላቸዋለሁ።»

«ደግ አድርገሻል» አለኝ፣ በደህናው እጁ ትከሻውን እያሻሸ። ከልቡ ነበር የተናገረው። እኔ ግን አምና ኦፕሬሽን ሆኜ ወር ሙሉ ስተኛ፣ ከእህቴ በቀር በሬን ያንኳኳ ሰው እንዳልነበረ አልነገርኩትም። ልጆቼ ከላያቸው ምንም ሳይኖር ይተኛሉ፤ እናቴ ስትለምነው የነበረው ይህንኑ ነው፣ በእኔ ቤት ሞልቷል። የአጥር ጎረቤቶቼን ስም ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።