የጋሽ ዱቄት የቀትር ወተት

ሠፈሩ በሙሉ ጋሽ ዱቄት ይለዋል። እኔ እኩያው ስለሆንኩ ጋሹን እዘለዋለሁ፤ ዱቄት ብዬ ስጠራው ዞር ይላል፣ ይበቃኛል። ወፍጮ ቤት ግን ሠርቶ አያውቅም። ድንጋይ ቆራጭ ነው። በየሰው ኩሽና ምድጃና የሳህን ማጠቢያ ዙሪያ የሚነጠፈውን፣ ያንን የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ይሞርዳል፣ ይወለውላል። እኔ ደግሞ ድንጋዩን ከሥር የሚሸከመውን ቁም ሳጥን የምሠራ አናጢ ነኝ። ወርክሾፖቻችን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በግድግዳው ቀዳዳ የኔ ብናኝ ወደሱ፣ የሱ ወደኔ ሲሻገር ኖሯል። የሱ ይበዛል እያልኩ ስጨቃጨቅ ነው ፀጉሬ የሸበተው። እሱ ግን "ሽበት አይደለም፣ የኔ ድንጋይ ነው፤ ታጠብና እየው" ይለኛል።

የሱ ወርክሾፕ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ብርሃን እንዲገባ ብሎ ነጭ ፕላስቲክ አስገብቶበታል። ወደ ቀትር ገደማ ፀሐይ በዚያ በኩል ስትወርድ ብናኙ አየር ላይ ቆሞ ይታያል። አይወድቅም፣ አይሄድምም፤ ቀስ እያለ ይዞራል። ማሽኑ ሲጠፋ ጆሮ ጭው ይላል፣ ያ ነጭ ነገር ብርሃኑ ውስጥ ይዋኛል፣ ዱቄት ከሥሩ አንጋጦ ይቆማል። "ምን ታያለህ?" ስለው "ዝም በል፣ እየዘነበ ነው" ይለኛል። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። እኔም እንጨቴን ትቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ አብሬው ያንጋጠጥኩባቸው ቀናት አሉ። ዛሬ ያ ማማሩ ያናድደኛል።

ሥራ የጀመረው አሸዋ በመንፋት ነው። በወጣትነቱ ብርጭቆ ፋብሪካ ተቀጥሮ ወደ እቶኑ የሚገባውን ነጭ አሸዋ በወንፊት ያጣራ ነበር። ከዚያ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ የእቶን ሠራተኛ ጣት የምታህል፣ ጥርት ያለች የኳርትዝ ድንጋይ ሰጠው። ድንጋይዋ እስከ ዛሬ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነሣትና ይጀምራል። "ይቺን አየሃት? አሸዋውም ይቺው ናት። የመስኮትህ መስታወት ይቺው ቀልጣ ነው። የእጅ ሰዓትህ ውስጥ ገብታ ሰከንዱን የምትመታልህም ይቺው ናት።" ስሟ ሲሊካ ነው ይላል። ቢላ አይጭራትም፣ እሷ ግን ቢላውንም መስታወቱንም ትጭራለች። ውኃ አያሟሟትም፣ ኮምጣጤ አይነካትም፣ እሳትም ቢሆን እንደዋዛ አይደፍራትም። ይህን ሲያወራ ልጁ ከክፍል አንደኛ የወጣችለት አባት ይመስላል። እኔ ሰምቼ ሰምቼ ስለሰለቸኝ መጋዜን አስነሣበታለሁ።

በኋላ ሰው ሠራሹ ድንጋይ መጣ። የተፈጨ ኳርትዝ በማጣበቂያ ተጋግሮ የሚሠራ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሲሊካ ነው ማለት ይቻላል። ደንበኛው አበደለት፤ ከግራናይቱ ይልቅ ቀለሙ እንደ ልብ ይገኛል። ሲቆረጥ ግን የሚያስነሣው ጉም ሌላ ነው። ዱቄት ጠዋት ሰው ሆኖ ይገባል፣ ቀትር ላይ ከነሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው።

ትልቁ መቁረጫ ማሽን አዲስ ሲገዛ ምላጩ ላይ ውኃ የሚያፈስ ቱቦ ነበረው። ውኃው ብናኙን ገና ሳይነሣ ጭቃ አድርጎ ያስቀረዋል። ዱቄት ግን ደረቅ ቆራጭ ነው። ድንጋይ ሲረጥብ ይጠቁራል፣ የእርሳሱ መስመር ይጠፋል። "ፊቱን ሳላየው እንዴት አድርጌ ነው የምቆርጠው?" ይላል። ስለዚህ ቱቦውን ፈታና ለሚስቱ ሰጣት። እሷም ግቢዋ ውስጥ አበባ ታጠጣበታለች። አበባዋ መንገደኛ ያስቆማል።

ሚስቱን እኔ እታለም ነው የምላት። ቀትር ላይ ባለ ክዳን ጣሳዋን አንጠልጥላ ትመጣለች። ውስጡ የፈላ ወተት ነው። ወተት አቧራን ከደረት አጥቦ ያወርዳል ይላሉ ድንጋይ ቆራጮች፤ ማን እንደነገራቸው አያውቁም፣ ግን ሁሉም ያምኑታል። ዝናብ ሲጥል ታመጣለች፣ ታማ ታመጣለች። አራስ በነበረች ጊዜ እንኳ በእህቷ ልካዋለች እንጂ አላስቀረችበትም። ማሽኑ ይጠፋል፣ ዱቄት እጁን በሱሪው ይጠርግና ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አይቶ ይጠጣል። ጢሙ ላይ የቀረው ወተት ይሁን ድንጋይ አይለይም። እሷ እስኪጨርስ ቆማ ታየዋለች። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ትከሻዋ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ የዛሬውን ተገላገልኩ እንደማለት። ከዚያ ለኔም ትቀዳልኛለች። "አንተም ከእንጨቱ አታመልጥም" ትለኛለች። እኔ ወተት አልወድም፤ ግን ማን እንቢ ይላታል?

አንድ ሰሞን ዱቄት ወሬ ጀምሮ መሐል ላይ መቆም አመጣ። ቀልዱን ይጀምርና ትንፋሹ እስኪመለስ ያስጠብቀኛል። ደረቅ ሳል ያዘው፤ በግድግዳው በኩል ስሰማው የኔ ደረት ያመኝ ጀመር። "እርጅና ነው" ይላል። "እኔስ መቼ ተወለድኩ?" ብዬ ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ሰቀለችው። ሁለቱም ሳንባዎቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ተበትኗል። ዱቄት ተነሥቶ ቀረበው፤ ልክ ከወርክሾፑ ጣሪያ ሥር እንደሚያደርገው አንጋጠጠ። "ይኼማ የኔው ነው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐኪሟ ሳትቸኩል አስረዳችን። በዓይን የሚታየው ብናኝ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የሚጎዳው የማይታየው ነው። ከመድቀቁ የተነሣ ሳንባ ታች ድረስ ይወርዳል፣ እዚያ አይሟሟም። ሳንባ ሊያስወግደው ሲታገል ራሱ ይቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ደግሞ አየር አይቀበልም። ሲሊኮሲስ ይባላል። የገባውን የሚያወጣ መድኃኒት የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳም ለካንሰርም በር ይከፍታል። ያለው ምርጫ ሌላ እንዳይጨመርበት ማድረግ ብቻ ነው።

ዱቄት ይህን ሁሉ ፊቱ ሳይለወጥ ሰማ። ከዚያ "ወተትስ?" አላት።

"ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ይጠጡ" አለችው። "ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው። ሳንባ ጋ አይደርስም።"

ፊቱ የተለወጠው ይሄኔ ነው።

ስንመለስ መንገድ ዳር አንድ የድንጋይ አግዳሚ ላይ አረፍን። ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል። ዱቄት አግዳሚውን በመዳፉ ይዳብሰዋል። "ለሷ እንዳትነግራት" አለኝ።

"በሽታውን?"

"በሽታውንማ እኔ እነግራታለሁ። ወተቱን ነው የምልህ።" ትንፋሹን ጠበቀ። "ካገባኋት ጀምሮ ተሸክማዋለች እኮ። ከንቱ ነበር ልበላት?"

"እሺ" አልኩ።

እሺ ማለቴ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው አለና። ትልቋ ልጁ ድንጋይ ቆራጭ ናት፣ ባለትዳር ሴት፣ እጇ ከአባቷ የረቀቀ። "ሳንባዬ ደክሟል፣ እረፍ ተብያለሁ" ብሎ ለእናትና ልጅ ሲነግራቸው ሥራውን ጠቅልላ ያዘች። እሱ በራፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። እሷም በደረቁ ትቆርጣለች፣ ቀትር ላይ የእናቷን ወተት ትጠጣለች።

"ቱቦውን ብንመልሰውስ?" ይላታል።

"ድንጋይ ፊቱ ሳይታይ አይቆረጥም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ አባዬ?"

"እንግዲያው ማስክ አድርጊ።"

"ያፍነኛል። ደግሞ ወተቴን ጠጥቼ የለም እንዴ?" ትለዋለች እየሳቀች። እናቷ ይሄኔ ደስ ይላትና ትደግምላታለች። ዱቄት ወንበሩን ወደ መንገዱ ያዞራል። እኔ በቀዳዳው "ንገራት እንጂ አንተ ሰው!" ስለው "ነገ" ይለኛል። ነገው ሌላ ነገ እየወለደ ከረመ። እየዋለ እያደረ ዝምታው ያንገበግበኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ሕልሙን ነገረኝ። ወተት ወንዝ ሆኖ ይፈሳል፤ ሚስቱ ከወንዙ ራስ ላይ ቆማ በጣሳዋ ትጨምርበታለች፣ ትጨምርበታለች። እሱ ከወንዙ ሥር ጋደም ብሏል። "ሞቅ ያለ ነው፣ ደስ ይላል" አለኝ። "በላዬ ላይ ይፈሳል ይፈሳል፣ እኔ ግን አልሟሟም።" ቀልድ መስሎኝ ቀሪውን ጠበቅኩ። ቀሪ አልነበረውም።

የዚያኑ ዕለት ልጁ ለአንድ ኩሽና የማጠቢያውን ቀዳዳ ትቆርጥ ነበር። ነጩ ጉም ዋጣት፤ ማሽኑ ይሰማል፣ እሷ አትታይም። እታለም ጣሳዋን ይዛ በራፉ ላይ ደርሳለች። ፀሐይዋ በፕላስቲኩ በኩል ወርዳ ጉሙን ወርቅ አስመስላዋለች። ማሽኑ ጠፋ። ከዚያ ከነጩ ውስጥ ሳል መጣ፤ አንዴ፣ ደረቅ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ። የእንጨት መላጊያዬን ጥዬ ወጣሁ።

ዱቄት ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። ሚስቱ ብርጭቆውን ስትዘረጋለት አልተቀበላትም፤ ጣሳውን ከእጇ ወሰደ። ወደ ማሽኑ ሄደና ልጁን "አስነሺው" አላት።

"ኧረ ወተቱ ይቀዘቅዛል" አለች እናትየው።

"አስነሺው አልኩ።"

ምላጩ መዞር ሲጀምር ዱቄት ወተቱን ድንጋዩ ላይ፣ ልክ ምላጩ የሚያልፍበት መስመር ላይ፣ በቀጭኑ አፈሰሰው። ምላጩ ገባ። ጉም አልተነሣም። ነጭ ጭቃ በድንጋዩ ጠርዝ እየወረደ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ጣሳው ባዶ እስኪሆን አፈሰሰ።

"አየሽ?" አለ ማሽኑ ሲጠፋ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ። "ወተት የሚሠራው እዚህ ነው። የጠጣነው ሁሉ ሆድ ነው የገባው፣ አቧራው ደግሞ ሌላ ቤት ነው ያለው። የኔ ገብቷል፣ አይወጣም። ያንቺ ገና ነው።"

የሚናገረው ለልጁ ነበር። የሚያየው ግን ሚስቱን ነው።

"ከመጀመሪያው ጀምሮ አይሠራም ነበር?" አለች እታለም።

"ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

ጣሳውን ከእጁ ወሰደች፣ ክዳኑን ፈልጋ ገጠመችበት፣ ሄደች። እንደ ወትሮዋ "ደህና ዋሉ" እንኳ አላለችንም። ዱቄት ወንበሩ ላይ ተመልሶ "ጎዳኋት" አለኝ። እኔ ወሬ የማያልቅብኝ ሰው መጥረጊያ አንሥቼ ያላቆሸሽኩትን መሬት መጥረግ ጀመርኩ።

በማግስቱ ልጁ ማሽኑን ሳታስነሣ ቀትር ደረሰ። ሦስታችንም መንገዱን እያየን፣ እንደማናይ ሆነን ተቀመጥን። ቀትሩም አለፈ። ጣሳው ቀረ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ እታለም ከወዲያ ማዶ ብቅ አለች። ትከሻዋ ላይ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማለች፣ በእጇ ቦርሳ ይዛለች። ቱቦው ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን በልታዋለች፣ አፉ ላይ የአበባዋ አፈር ደርቆበታል። ማንንም ሳታይ ማሽኑ ጋ ሄደች።

"የቱ ጋ ነው የሚገባው?" አለች።

ልጅቷ ተነሥታ ገጠመችው። ማስኩንም ፈልጋ አደረገች።

"አበባሽስ?" አለ ዱቄት።

"በባልዲ ይጠጣል።"

ውኃው መጣ። ድንጋዩ ጠቆረ፣ የእርሳሱ መስመር ጠፋ፣ ልጅቷ በማስኩ ውስጥ አጉረመረመች፣ ግን ቆረጠች። ግራጫ ጭቃ እግሯ ሥር ወረደ። ያ በፕላስቲኩ የሚገባው ብርሃን ዝም ብሎ ብርሃን ሆኖ መሬት ደረሰ፤ ውስጡ የሚዋኝ ነገር አልነበረም። ዱቄት አንጋጦ ለረጅም ጊዜ ፈለገው። "ምንም የለም" አለ። ደስ ይበለው ይክፋው አላወቅኩም።

እታለም ከቦርሳዋ ጣሳዋን አወጣች። አንድ ብርጭቆ ቀዳችና ያዘችለት።

"አይሠራም አልኩሽ እኮ" አላት።

"ሰምቻለሁ። ጠጣ።"

ጠጣ። እንደ ድሮው እስኪጨርስ ቆማ አየችው። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ትከሻዋ አልወረደም።