እማማ ክሌማንስን ያመሰገንን ቀን

እኛ የሊዮን ሰዎች ምግብ አናመሰግንም። አባቴ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ጠርጎ ነጭ ካደረገው በኋላ «ይበላል» ይል ነበር፤ እናቴም በዚያች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏት ትሰነብታለች። «ክፉ አይደለም» የተባለ ቤት የልጅ ሠርግ ይደገስበታል። «ግሩም ነው! ድንቅ ነው!» የሚል ሰው ካያችሁ ግን ወይ ከፓሪስ የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ።

ይህን ማንሳቴ እማማ ክሌማንስ ትዝ ቢሉኝ ነው። ዛሬም በዚያ ዳገት ሳልፍ፣ ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን፣ በራቸው ላይ ቆም እላለሁ።

የተወለዱት ዶሮ በሚረባበት በብሬስ ገጠር ነው። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ከተማ መጥተው በአንድ የሐር ነጋዴ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኑ። ነጋዴው ሲከስር ሠራተኛውን ሁሉ አሰናበተ፤ እሳቸውም በደመወዛቸው ፈንታ አንድ የመዳብ ድስት ተሸክመው ወጡና ሸማኔዎች በሚኖሩበት ኮረብታ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ። በከተማችን ስመ ጥር ከሆኑት ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ከሰው ቤት በወጡ ሴቶች የተከፈቱ ናቸው፤ ባለቤቶቹን ሁሉ «እማማ» የምንላቸውም ለዚህ ነው። እኔ አስተናጋጅ ሆኜ ስቀጠር ጸጉራቸው ሸብቶ ነበር።

ኮከቧ የመጣችው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው። መቼም ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠውን መጽሐፍ የማያውቅ የለም። ሰዎቹ ስማቸውን ሳይናገሩ እንደ ማንም ተመጋቢ ይመጣሉ፣ በልተው ከፍለው ይሄዳሉ፤ በመጋቢት መጽሐፉ ሲወጣ ከስምህ አጠገብ ኮከብ አለች፣ ወይ የለችም። ከዚያ በፊት ያንን ዳገት ታክሲ እንኳ አይወጣውም ነበር። ከኮከቧ ወዲህ የፓሪስ ጠበቃ፣ የጄኔቭ ሰዓት ነጋዴ፣ ሚስቶቻቸው በረጅም ተረከዝ ድንጋዩ ላይ እየተንገዳገዱ ይመጡ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛ ምድጃ ሠራ። አይብ ሻጯ ሲዶኒ ሱቋን ቀለም አስቀባች። ሥጋ ሻጩ ባርናቤ ደግሞ መስኮቱ ላይ «እማማ ክሌማንስ የሚገዙት ከዚህ ነው» ብሎ ጻፈ። ከተማው ራሱ ኮከቦቹን እንደ ልጆቹ ይቆጥራቸው ነበር፤ «ፓሪስ ቤተ መንግሥት አላት፣ እኛ ድስት አለን» እንባባል ነበር። ኮከቧ የእማማ ትባል እንጂ የምታበራው ለመንገዱ ሁሉ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ግን ቤቱ የኛው ነው። ሸማኔዎቹ ድሮ ሳይነጋ ሥራ ይጀምሩና ሦስት ሰዓት ላይ ጠንከር ያለ ማዕድ ይቀርብላቸው ነበር፤ ጨጓራው፣ ምስሩ፣ ቋሊማው፣ ወይን ጠጁ። ሸማኔዎቹ አለቁ፣ ማዕዱ ግን አልጠፋም። ከሸማኔዎቹ የተረፉት አባባ ኢፖሊት ከባርናቤና ከሲዶኒ ጋር ይቀመጡና «የሸማኔ አንጎል» የምንለውን፣ በሽንኩርትና በቅጠላ ቅጠል የተመታ አይብ፣ እየበሉ ለእንግዳ የተሰናዳውን መረቅ ይቀምሳሉ። ይቀምሳሉ ስል ይሳደባሉ ማለቴ ነው።

«እማማ፣ ይህ ዓሣ ተይዞ ነው የሞተው፣ ወይስ በእርጅና?» ይላል ባርናቤ።

«ያንተን ወሬ ሰምቶ ነው።»

«ኮከቧን በስህተት ነው የሰጡሽ፣ ጎረቤት ቤት መስሏቸው» ይላሉ አባባ ኢፖሊት፣ አፋቸውን እንደሞሉ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ዝም ብለህ ብላ። ጥርስ የሌለው ምስክር አይሆንም።»

ያን ዓመት በኅዳር እማማን ክፉ ጉንፋን ጣላቸው። ተኝተው ተነሡ፤ ሳሉ ለቀቃቸው፣ ማሽተታቸውን ግን ይዞባቸው ሄደ። ይህን ያወቅሁት ቅቤ መጥበሻ ላይ አርሮ ጭሱ እኔን ከአዳራሽ ሲጠራኝ ነው። እሳቸው አጠገቡ ቆመው ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«እማማ! ቅቤው!»

«አይቼዋለሁ» አሉ። አላዩትም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሊን ልጄ፣ አፍንጫዬ ሄዷል። ምላሴም ተከትሎታል። አትደንግጪ፤ ዕድሜ ልኩን ያበሰለ እጅ ራሱ ያውቃል» አሉኝ።

ወሩ ደግሞ የመጽሐፉ ሰዎች በከተማው ይዞራሉ የሚባልበት ወር ነበር።

እጃቸው ግን አላወቀም። ሳህኖች ግማሽ ተበልተው ይመለሱ ጀመር። ነገሩ ሲዶኒ ጆሮ ገባ፤ ሲዶኒ ያወቀችውን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ያውቀዋል። ባርናቤ ሁላችንንም ሱቁ ጠራንና፣ «ነገ ጠዋት እማማን ማንም በስድብ እንዳይነካቸው» አለ። «ተስፋ ከቆረጡ ይዘጉታል። ቤቱ ከተዘጋ ኮከቧ ሄደች፤ ኮከቧ ከሄደች ይህን ዳገት ማን ይወጣልናል?» ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ እማማ ለስላሳውን የዓሣ ሙልሙል፣ የተፈጨ ዓሣ ከእንቁላልና ከቅቤ ጋር ተድቦልቡሎ የሚቀቀለውን፣ በመረቅ አቀረቡ። ባርናቤ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከስሜት ሳይሆን ከጨው።

«ግሩም ነው፣ እማማ!» አለ።

እማማ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ምን አልክ?»

«ግሩም ነው አልኩ።»

«ሲዶኒ፣ አንቺስ?»

«ድንቅ ነው።»

ወደ አባባ ኢፖሊት ዞሩ። ሽማግሌው ሳህናቸውን አቀርቅረው እያዩ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ ክሌማንስ» አሉ።

እማማ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጭልፋውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ያህል ከፍቷል ማለት ነው?» አሉ። «ስሞት በሬሳ ሳጥኔ ላይ የምትሉትን በቁሜ አሰማችሁኝ።» ሽርጣቸውን መፍታት ጀመሩ። «አሊን፣ በሩ ላይ 'ዝግ ነው' የሚለውን ሰቅለሽ ነይ። ሰው እንደ በሽተኛ እያባበለኝ የሚበላውን ምግብ አልሸጥም።»

እኔ ወደ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ ጠረጴዛው ተመታ። አባባ ኢፖሊት ተነሥተው ቆመዋል።

«ጨው ነው!» አሉ። «ባሕሩን አፍልተሽ ነው ያመጣሽልን! የገውዙ ቅመምማ እንደ መድኃኒት ቤት ይሸታል። ቤት ድመት አለችኝ፤ ስለማከብራት ይህን አልወስድላትም!»

ባርናቤ ራሱን ይዞ፣ «አባባ፣ ተነጋግረን ነበር እኮ…» አለ።

«አንተ ዝም በል!» አሉ እማማ። የሽርጣቸው ማሰሪያ እጃቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «ሌላስ፣ ኢፖሊት?»

«ሌላማ ቅቤው አርሯል።»

«በጣም?»

«ጫማዬን የሚቀባልኝ ሰውዬ ቢያየው ለቀለም ይገዛው ነበር።»

እማማ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሽርጣቸውን መልሰው አሰሩና ድስቱን እሳቱ ላይ ጣዱት። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» የሚባለው ትክክል ነው፤ አባባ ኢፖሊት ግን ሁለቱንም ባንድ ጠዋት አደረጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ያበስላሉ፣ እነሱ ይሳደባሉ፣ እማማ ያስተካክላሉ። ምላሳቸውን ለሦስት ሰው አከፋፈሉት ማለት ነው። ጨው የባርናቤ፣ ክሬምና ቅቤ የሲዶኒ፣ የቀረው ሁሉ የአባባ ኢፖሊት ሆነ። ሳህኖቹ ተጠርገው መመለስ ጀመሩ።

ግን የመጽሐፉ ሰው ቀድሞን ኖሯል። በመጋቢት ባርናቤ መጽሐፉን ገዝቶ መጣ፤ አረማመዱን አይተን አወቅን። ስማችን አለ፣ አጠገቡ ባዶ ነው። የከተማው ጋዜጣ «ሊዮን አንድ ኮከብ ጎደለባት» ብሎ ጻፈ፣ ጥርስ የወለቀባት ይመስል። ስልኩ ይጮሃል፤ ሳነሣው ቦታ የሚሰርዝ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሁለተኛውን ምድጃ አጠፋ። ሲዶኒ እያለቀሰች መጣች።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሏት እማማ። «በኅዳር እዚህ የበላው ሰው ልክ ነው። እኔም ብሆን ኮከቧን እነጥቅ ነበር። በይ፣ ነገ በሦስት ሰዓት እንዳትቀሪ።»

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ምግብ አብሳይዋ «ስደቡኝ» የምትልበት ቤት ኮረብታው ላይ አለ የሚል ወሬ ታች ከተማ ወረደ። የሊዮን ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ግብዣ ቀርቦለት እንዴት ይቅር! በመጀመሪያ የትራም ነጂዎች መጡ። ከዚያ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ ከዚያ ከአዳር ሥራ የወጡ ነርሶች። ወረፋ ይዘው ይሳደቡ ነበር።

«እማማ፣ ይህን ጨጓራ ለሕመምተኞቼ ባበላቸው አልጋ ይለቅልኝ ነበር» አለች አንዷ ነርስ።

«ድነው ነው ሞተው?»

«እሱን ሐኪሙ ይወስናል። ይጨመርልኝ።»

ጠዋት ጠዋት ወንበር ጠፋ። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን መልሶ አቀጣጠለ። ከፓሪስ የሚመጣው ቢቀንስ፣ ዕድሜ ልኩን ከታች ሆኖ ኮረብታውን ሲያይ የኖረው የገዛ ከተማችን ሰው ወጣልን። እማማ የእያንዳንዱን ፊት እያዩ ያበስላሉ። አፍንጫቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ዝናብ ሲጥል፣ «የሆነ ነገር ሸተተኝ» ይላሉ፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቁትም።

በሚቀጥለው መጋቢት ባርናቤ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። ያን የሚያህል ሰውነት ይዞ ሮጦ አያውቅም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ኮከቧ ተመልሳለች።

ቤቱ ሙሉ ነበር። ትራም ነጂው ኮፍያውን አወለቀ። ሁሉም የእማማን ፊት ያያል። ባርናቤ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እማማ፣ በእውነቱ ግሩ…» ብሎ ሲጀምር ጭልፋው ወደ እሱ ተነሣ።

«እንዳትለኝ!»

አባባ ኢፖሊት ማንንም ሳይጠብቁ ሙልሙሉን ቆረሱ፤ መረቁን አስነክተው ጎረሱ። በሌለ ጥርሳቸው ረጅም ጊዜ አኘኩ። ሳህኑን በዳቦ ጠረጉ።

«ይበላል» አሉ።

ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ሲበሉ ይህችን ቃል ተናግረው አያውቁም። እማማ ወደ ምድጃው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ትናንት ግን ይሻል ነበር» አሉ አባባ ኢፖሊት ቶሎ ብለው።

«አሊን» አሉ እማማ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ለዚህ ክፉ ሽማግሌ ጨምሪለት።»