ከዕቃው ሥር የቀረው ሁለት ማንኪያ

እናቴ የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም። ጂንካ ባደግንበት ሰፈር ሳህን ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል፤ ጎመን ይዞ ይመጣል፣ ሙዝ ይዞ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ምንም ከሌለ እናቴ ጓሮ ወርዳ ሁለት ጎደሬ ትቆፍርና አፈሩን አራግፋ ታስቀምጥበታለች። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን የጎረቤታችንን ሳህን አጥቤ ባዶውን አድርሼ ብመጣ፣ ጆሮዬን ቆንጥጣ ሁለት አቮካዶ አስይዛ መልሳ ላከችኝ። ይህን ያነሳሁት አላውቅም ነበር የምል እንዳይመስላችሁ ነው። አውቅ ነበር።

ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ በጣም ለከሱ ሕፃናት የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ ጂንካ ውስጥ ራሳችን እናዘጋጅ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ፓኬት አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ አስቸገረን። ለውዙን ከገበያ ገዝተን፣ ቆልተን፣ ልጠን፣ እስኪልም አስፈጭተን ከዱቄት ወተት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚን ጋር እንለውሰዋለን። አንድ ጠብታ ውሃ ከነካው ስለሚበላሽ፣ እጁን ሳያደርቅ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ከእኔ ጩኸት አያመልጥም። መጮህ እችልበታለሁ። የተለወሰውን ክዳን ባለው ነጭ ፕላስቲክ ዕቃ እየሞላን በየሳምንቱ ሐሙስ ይዤ ቆላ ወዳለው አርቦሬ ጤና ጣቢያ እወርዳለሁ። ሕጉ አጭር ነበር፤ ባዶውን ዕቃ ያመጣች እናት ለሚቀጥለው ሳምንት ሙሉውን ትወስዳለች። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ከእናቶቹ አንዷ ገና ወጣት ነበረች፤ ጥቁር ጨርቅ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጇን አቅፋ መጣች። ክንዱን ስለካው መለኪያው የአደጋው ቀይ ላይ ቆመ። ምግቡን ከጣቴ ላይ ላሰ፣ ደገመ፤ ደስ አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደት ጨመረ፤ ማልቀስም ጀመረ። በእኛ ሥራ ይሄ ምሥራች ነው፤ በጣም የከሳ ልጅ ለማልቀስም አቅም የለውምና። እናቱ ሲያለቅስ እያየች ትስቅ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዱቄት ወተቱ ሊያልቅብን ደረሰ። እስከዚያ ድረስ የሚመለሱትን ዕቃዎች ከፍቼ አላያቸውም ነበር፤ ያን ቀን ግን ማን ምን እንደሚያተርፍ ልወቅ ብዬ ክዳኑን ሁሉ እየከፈትኩ አየሁ። የእሷ ዕቃ ሥር ሁለት ማንኪያ የሚሆን ምግብ ቀርቷል። የሚያስተረጉምልኝ የጤና ጣቢያው ጥበቃ ገበያ ሄዶ ነበር። ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አዘንብዬ አየሁት፣ ፊቴን አጨማደድኩ፣ ደብተሬ ላይ «ይተርፋል» ብዬ ጻፍኩ። ከተረፈው በዝቶበታል ማለት ነው ብዬ፣ ከአዲሱ ዕቃ ላይ ቀንሼ ሰጠኋት።

በአራተኛው ሳምንት የተረፈው አምስት ማንኪያ ሆነ፤ የልጁ ክብደት ባለበት ቆመ። ጥበቃው ነበርና «ምግቡ ይበቃዋል ወይ በላት» አልኩት። ጠየቃት፤ ዓይኗን ከዕቃው ሳትነቅል «ይበቃዋል» አለች። ለሚሰጥ ሰው አይበቃም ማለት ነውር መሆኑንም አውቅ ነበር። ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ሙቀቱ ራስ ያዞራል፣ እኔም መልሴን አስቀድሜ ይዤ ነበር የጠየቅሁት። ደግሜ ቀነስኩባት።

በአምስተኛው ሳምንት ከዕቃው ግማሽ ያህሉ ተመለሰ፤ ልጁ ደግሞ ከስቷል። ያኔ ተናደድኩ። ዕቃውን ፊቷ ላይ እየነቀነቅሁ «ምግብ እየተረፈ ልጅ ይከሳል? ሚዛን አይዋሽም» አልኳት፣ በማትሰማው አማርኛ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ከላይ ከላዩ ነበር የማየው። ያን ዕለት ልጁን መኪና ላይ ጭኜ ጂንካ ሆስፒታል መውሰድ ነበረብኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ካልጨመረ እወስደዋለሁ ብዬ ተውኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ስንደርስ ብቻዋን መጣች። ዕቃውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ከበደኝ። ስከፍተው እስከ አፉ ማሽላ ነው።

«ልጁስ?» አልኩት ጥበቃውን።

አነጋገራት። «ትኩሳት ያዘው። ሦስት ቀን። ቀበሩት» አለኝ።

«ታዲያ ይሄ ማሽላ ምንድን ነው?»

«የአንቺ ዕቃ ነው፣ ሲስተር። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም። በፊትም ከምግቡ ትንሽ ታስቀርልሽ ነበር። አንቺ ስታይው ፊትሽ ይጠቁራል። አነሰ ብላ ጨመረች። አሁን ምግቡ የለም፤ ከቤቷ ማሽላ ሞላች።»

«ባዶውን አምጡ ብዬ አልነበር?»

«ነግሬያታለሁ። ‘ልጄን ለምታበላ ሴት ባዶ ዕቃ አልሰጥም’ አለች። እኔ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ። አልጠየቅሽኝም።»

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ዓይኗ ፊቴ ላይ ነበር፤ የአሁኑስ በቅቷት ይሆን እያለች ታየኛለች። ፊቴ እንዳይጠቁር ፈገግ አልኩላት። ልጇን ቀብራ ለመጣች እናት ፈገግ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ሪፖርቱ ላይ የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «ትኩሳት» ብዬ ጻፍኩ፤ የጠየቀኝ የለም። በኋላ ለአንድ ሐኪም ባልደረባዬ ብነግረው፣ ወባ የጠገበውንም ልጅ ይወስዳል ብሎ አጽናናኝ። ይሆናል። እኔ ግን ልጁ በእነዚያ ሳምንታት ስንት እንደመዘነ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሕጉን ሰረዝኩት፤ ከዚያ ወዲህ የማንንም ዕቃ ሥር አይቼ ለማንም ቀንሼ አላውቅም። ለዚያ ልጅ ግን ምንም አልሠራለትም።

ዕቃውን ከነማሽላው ቤት ይዤው ገባሁ። እናቴ ማሽላውን ወደ ሰፌድ እየገለበጠች «የማን ነው?» አለችኝ።

«የሰው ነው» አልኳት።

«በይ ባዶውን እንዳትመልሺው።»

ከዚያ በኋላ አርቦሬ ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ። አንድ ቀን ዕቃውን በስኳርና እነሱ አፍልተው በሚጠጡት የቡና ገለባ ሞልቼ፣ መኪና ውስጥ እግሬ ሥር አስቀምጬ ሄድኩ። ሴትየዋን መንገድ ዳር አየኋት፤ ሕፃን ልጅ አዝላለች። ሾፌሩ መልኬን አይቶ «ልቁም እንዴ፣ ሲስተር?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩና ወደ ውስጥ አየሁ። አነሰብኝ። «ቀጥል» አልኩት። ዕቃው አሁንም እኔ ቤት ነው።