ከማጋሊስበርግ ጎትቼ ያመጣሁት ቤት

ሜይፌር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

የወጣነው ቤት ልንገዛ ነው፤ ያውም ጎማ ያለው ቤት! የኮሮናው ሎክዳውን ላላ ብሎ ሰው ከደጁ ራቅ ማለት የጀመረበት ሰሞን ነበር። ብርዱ ግን የሰኔ ብርድ ነው፤ የጆሃንስበርግን ሰኔ ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ባኪዬን፣ እዚህ ፒካፕን እንዲህ ነው የምንላት፣ አስነስቼ ሞተሯ እስኪሞቅ እጄን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ስጠብቅ፣ ነስሩ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ መጣ።

ነስሩ የንግድ ሸሪኬ ነው። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል፣ ከአንድ ሳህን በልተናል። አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሎኬሽን፣ የከተማ ዳር የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ታክሾፕ አለችን፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ። የኛ አገር ልጆች ሎኬሽን ሲሠሩ እዚያው ሱቃቸው ነው የሚያድሩት፤ ከፊት ዕቃው፣ ከኋላ ፍራሹ፣ በሩ በብረት ጥርቅም። ነስሩ ግን አላድርም አለ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! በየማታው ታክሲ ተሳፍሮ ሜይፌር ወዳለው ቤታችን ይመለሳል፣ ሱቋ ብቻዋን ታድራለች። ሁለቴ ተዘረፍን። እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ማደር አልችልም። በመጨረሻ መረረኝና፣ «ወይ ታድራለህ፣ ወይ እንለያያለን» አልኩት። ያን ማታም ታክሲውን ተሳፍሮ ሄደ። እኔ ደግሞ ችግሩ ምቾት ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጁ ቀበጠ አልኩ!

ከዚያ ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ዙሪያውን የተዘጋ ተጎታች ነው፤ ነጮቹ ገጠር ለገጠር የሚጋልቧትን ባለ አራት ጎማ ሞተር ከኋላ ይጭኑበታል፣ ከፊት ደግሞ ራሳቸው ይተኙበታል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው። በቃ፣ ነስሩን የሚያሳድር ቤት ተገኘ! ግማሹን ሱቅ፣ ግማሹን መኝታ እናደርገዋለን። ፎቶውን ሳሳየው ረጅም ሰዓት አየውና፣ «እስቲ እንሂድ» አለ።

ክሩገርስዶርፕ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

መንገዱ ጭር ብሏል። የኔ ስልክ ስክሪኑ ስለተሰነጠቀ አቅጣጫ የምታሳየን የነስሩ ስልክ ናት፤ መሪው አጠገብ ቻርጀር ላይ ሰክተናታል። ከከተማው መውጫ አንዲት እናት ማግዊንያ ይጠብሳሉ፤ የኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ነው፣ አንዱ ሁለት ራንድ። «ሳዉቦና ማማ» ብዬ በዙሉኛ ሰላም ብያቸው ስድስት ገዛሁ። ከሚያገላብጡበት ሹካ ጋር ሳኒታይዘር ይዘዋል፤ እጄ ላይ ሳይረጩ ገንዘቤን አልቀበልም አሉ። ነስሩ አንዱን ብቻ በልቶ ሌላውን ናፕኪን ላይ አስቀመጠው። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከክሩገርስዶርፕ በኋላ አገሩ ይከፈታል። በውርጭ የነጣ ሣር፣ ቢጫ የበቆሎ አገዳ፣ ከሩቅ የማጋሊስበርግ ተራራ። እኔ ስለ መደርደሪያው አወራለሁ፤ ዱቄቱ እዚህ፣ ለስላሳው እዚያ። ነስሩ «እሺ» ይላል። መስኮቱን እስከ ታች ከፍቶታል። «ዝጋው እንጂ፣ ልትገድለን ነው?» ብለው ግማሽ አድርጎ ተወው።

ማጋሊስበርግ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ሻጩ ሽማግሌ ነጭ ገበሬ ናቸው። በአገሩ ወግ «ኦም» እንላቸዋለን፣ አጎት እንደማለት ነው። ያ ሁሉ ብርድ እያለ ቁምጣ ለብሰዋል! ማስካቸውን ግን እስከ ዓይናቸው ስበውታል። ከሳቸው ጋር አሸዋ ላይ ሞተር የሚጋልበው ወንድማቸው በኮሮና እንደሞተባቸው ነገሩን። «ብቻዬን የት እሄድበታለሁ?» አሉና ተጎታቹን መታ መታ አደረጉት።

የኋላውን በር ወደ ታች ሲዘረጉት መወጣጫ ሆነ። ገባሁ። አጃኢብ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወላሂ ገላ መታጠቢያ አለው! ሙቅ ውሃ፣ ፍሪጅ፣ በጋዝ የሚሠራ ምድጃ፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር! ይሄ ሁሉ ለምን? ሞተር ይዞ አሸዋ ላይ ለመጫወት። እኔና ነስሩ መጀመሪያ ከተማ መሀል ዱርንፎንቴን ሰፈር ስንኖር ሰባት ሆነን ባንድ ክፍል፣ ለአንድ ቧንቧ ወረፋ ይዘን ነው የታጠብነው። እዚህ ሞተሩም ቤት አለው!

«ነስሩ፣ ና ግባ! ይሄ እኮ ያው ታክሾፕ ነው። ግማሹ ዕቃ፣ ግማሹ ፍራሽ። ነጮቹ እኛ ተቸግረን የምንተኛውን አተኛኘት ገንዘብ ከፍለው ይተኙታል!» ብዬ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ነስሩ መወጣጫው ላይ ቆሟል። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። መስኮቶቹን እያየ ነው፤ ኦም ሌባ ፈርተው በላሜራ ደፍነዋቸዋል። «አየር በየት ይገባል?» አለኝ። ጣሪያው ላይ ያለችውን የላስቲክ ክዳን አሳየሁት፤ የሰው ጭንቅላት እንደምንም ብታሳልፍ ነው። «ቆንጆ ነው» ብሎ ወረደ።

ተስማማን፣ ከፈልኩ፣ ከባኪዋ ጋር አገጣጠምነው። ልንነሳ ስንል ኦም መንገድ ላይ ፖሊስ እንዳለ ነገሩን፤ ፈቃድም ወረቀትም ያያል አሉ። ክው አልኩ። የኔ የመኖሪያ ወረቀት ደህና ነው። የነስሩ ግን ጊዜው አልፏል፤ የስደተኛ ቢሮው በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ ማሳደስ አልቻለም። ቢይዙትስ?

«ከኋላ ግባ» አልኩት። «አልጋ አለልህ፣ ጋደም በል። ፖሊሱን እንዳለፍን እከፍትልሃለሁ።»

አየኝ። ከማስኩ በላይ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። «እንዳለፍን?» አለ።

«ወላሂ፣ እንዳለፍን!»

ገባ። መወጣጫውን አነሳሁ፣ የጎኑን በር ዘጋሁ፤ ከዚያ እጄ ከኪሴ የሱቁን ትርፍ ጓጉንቸር አውጥቶ ቆለፈበት። ማንም ቆልፍ አላለኝም። ባለሱቅ በር ሲዘጋ ይቆልፋል፣ የስንት ዓመት ልማድ ነው።

ፍተሻው፣ አራት ሰዓት ተኩል

ፖሊሱ ትሁት ሰው ነበር። ወረቀቴን አየ፣ ባኪዋን አየ፣ ወደ ኋላ ዞረና የተጎታቹን ጎን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገው። «ምን አለበት?»

«ባዶ ነው» አልኩ።

እንደገና አንኳኳ። ከውስጥ ትንፍሽ የለም። አሳለፈኝ። እኔም «ነስሩ፣ አንተ እኮ ጀግና ነህ!» እያልኩ ለብቻዬ ሳቅሁ። ልቆም ስል ግን የመንገዱ ዳር ጠባብ ሆነ፣ ከኋላ የጭነት መኪና ተጠጋኝ፣ ወደፊት እቆማለሁ አልኩ። ወደፊት ደግሞ አውራ ጎዳናው ገባ። ከዚያ ስለ መደርደሪያው ማሰብ ጀመርኩ።

ረሳሁት። እውነቱን ልጻፈው፣ ሰው ቆልፌ ረሳሁት።

ወደ ሚድራንድ፣ አምስት ሰዓት ገደማ

መኪኖች ክላክስ ያደርጉልኛል። አንዷ ሴት መብራት አበራች፣ ሕፃናት ከኋላ ወንበር እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ ሞኙ፣ ተጎታቼ አምሮባቸው ነው ብዬ እጄን እያነሳሁ አመሰግናለሁ! በመጨረሻ አንድ ታክሲ ከነተሳፋሪው ጎኔ ደረሰ፤ ሾፌሩ መስኮቱን አውርዶ ጮኸ። «ማይፍሬንድ! ጣሪያህ ላይ ሰው አለ!»

ያ ረቢ። እንዴት ዳር እንደያዝኩ አላውቅም። ወርጄ ቀና ስል፣ የላስቲኩ ክዳን ተገንጥሎ የነስሩ ጭንቅላትና አንድ እጁ ከጣሪያው ወጥቷል። በእጁ ሹራቡን ይዟል፣ ያውለበልባል። ቆመናል እኮ፣ እሱ ግን ማውለብለቡን አላቆመም። ጓጉንቸሩን ስከፍት ቁልፉ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። በሩ ሲከፈት ከላይ ተንሸራቶ ወርዶ በሆዱ ሣሩ ላይ ወደቀና ለመተንፈስ ይታገል ጀመር። ጣቶቹ ተቆራርጠው ይደማሉ። ውስጡ የቆየ የቤንዚን ሽታ አለ።

ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ጣሪያውን ሰበርከው እኮ!» ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።

የታክሲው ሾፌር በዓይኑ ገላመጠኝና ለነስሩ ውሃ አጠጣው፣ በራሱ ጨርቅ ጣቱን አሠረለት። ከተሳፋሪው አንድም ሰው ረፈደብኝ አላለም። ሲሄዱ ሁለታችን ሣሩ ላይ ቀረን።

«ሞዛምቢክ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ነው የጫኑን» አለ ነስሩ፣ መንገዱን እያየ። «ደላላው ድምፅ የሚያሰማ ሰው ሁላችሁንም ያስበላል አለን። አንድ ቦታ ላይ ፖሊስ ብረቱን አንኳኳ። ዝም አልን። ጀማል አጠገቤ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ። እጄን እንደያዘ ነበር። ኮንቴይነሩ ሲከፈት እጁ ቀዝቅዟል።»

ሹራቡን ከሣሩ አንስቼ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት።

«ያኔ መልስ ብንሰጥ ይከፍቱልን ነበር። ዛሬም ሲያንኳኳ ልመልስ አልኩና ተውኩት፣ ላንተ ብዬ። ካለፍን በኋላ ጠበቅኩህ። አልከፈትክም። ስልኬ አንተ ጋ ናት። በር ደበደብኩ፣ አትሰማም።»

«ስድስት ዓመት! እንዴት አትነግረኝም?»

«እንዴት መጣህ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም። እኔ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው። እሱ በምድር እንደመጣ አውቃለሁ፣ በቃ፣ ያን ነው የማውቀው። ሱቅ አላድርም ሲል ሰነፍ ብዬዋለሁ፣ ቀበጥ ብዬዋለሁ፣ በሰው ፊት ሳይቀር።

አይቮሪ ፓርክ፣ ስድስት ሰዓት

የቀረውን መንገድ ነስሩ ከጎኔ ተቀምጦ፣ መስኮቱ እስከ ታች ተከፍቶ ገባን። በዚያው ሳምንት በያጅ ጠርተን የተጎታቹን አንድ ጎን ከላይ እስከ ታች ቀደድነው፤ የታክሾፑን ዕቃ አዛውረንበት ቀን ሱቅ ነው፣ ማታ ባኪዋ ጎትታው ከኛ ጋር ሜይፌር ይገባል። ማንም አያድርበትም። ይህን ለማሰብ ስድስት ዓመትና አንድ የተሰበረ ጣሪያ አስፈለገኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ካለ፣ አብሮኝ የሚበላን ሰው እንዴት እንደመጣ መጠየቅ ነው። አሁን ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ የሚነግረኝ ይነግረኛል፣ የማይነግረኝንም አልቆጣም።

ግን ያን ዕለት፣ ገና እንደደረስን የሆነ ነገር አለ። የፊተኛውን ፍራሽ አንስቼ የጣሪያውን ቀዳዳ ደፈንኩና፣ «ዝጋብኝ» አልኩት።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ዝጋብኝ፣ ነስሩ። ቆልፈውም።»

ዘጋው። ጓጉንቸሩ ሲገባ ሰማሁ። ጨለማው ድፍን ያለ ነው፤ እጄን ዓይኔ ሥር ባመጣው አላየውም። እሱ የቆየውን ያህል ልቆይ ነበር ሐሳቤ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከቁርዓን ቁልሁወላህን ቀራሁ፣ ደገምኩት። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፣ ከዚያ ከትንፋሼ ሌላ የምሰማው ጠፋ። የሎኬሽኑ ልጆች ጫጫታ፣ የታክሲው ጡሩምባ፣ ሁሉም የሌላ አገር ሆነ። ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ! ቢሄድስ? ደንበኛ ጠርቶት ሱቅ ቢገባስ? እኔ እኮ መደርደሪያ እያሰብኩ ነው የረሳሁት። አምስት ደቂቃም አልሞላኝ፣ ተነስቼ በሩን አንድ ጊዜ መታሁ።

ሁለተኛውን ለመምታት እጄን ሳነሳ በሩ ተከፈተ። ነስሩ እዚያው በሩ ላይ ነበር። በታሠሩት ጣቶቹ ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ እንደከተተ ቆሞ ነው የጠበቀኝ።