ውረጂ እሜቴ

አያቴ ካረፉ ወዲህ ልቤ አልረጋ ብሏል። ዛሬም ወረታ ግቢያቸው ውስጥ የቆመችውን የዛገች ፒካፓቸውን እየዞርሁ ፎቶ አነሳለሁ፤ ትታደስ ወይስ እንዲሁ ትቀመጥ፣ መወሰን አቃተኝ።

ሞተሩ ላይ ዶሮ እየገባች ስለምትተኛ፣ መኪናዋን ከማስነሳታቸው በፊት ኮፈኑን በቀለበታቸው ያንኳኩ ነበር። «ውረጂ እሜቴ፣ ይፋግ ገበያ ልንሄድ ነው» ይሏትና እስክትወጣ ይጠብቃሉ። እኔ ረፈደብን እያልሁ እቁነጠነጥ ነበር። ያንኳኩበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ እስከዛሬ ብረቱ ያበራል።

«ቀለሙን ሙልጭ አድርገን ፍቀን አዲስ እንቀባታለን» አለ ያስመጣሁት መካኒክ፣ ኮፈኑን ሊከፍት እጁን እየሰደደ።

«ቆይ!» ብዬ ጮህሁበት። አንኳኳሁና ጠበቅሁ።

«ምን እየጠበቅህ ነው?» አለኝ።

ዶሮዋን ለተዝካራቸው እንዳረድናት ያኔ ትዝ አለኝ።