ከባህር ስር ያልመጣው ስልክ

ትናንት ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ...

ተኝቼ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

የልጅ ልጄ ሜላት የባህር ተመራማሪ ናት። እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኔው ጋ ነው ያደገችው። አሁን ውጭ አገር፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር፣ ባህር ስር በተሠራ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ጠልቆ መውጣት እንዳይመስላችሁ... መኖር ነው። እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፤ ሰው ከባህር በታች ሲቆይ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን በራሳቸው ላይ ያጠናሉ። መውጫቸው ወለሉ ላይ እንደ ጉድጓድ አፍ የተከፈተ በር ነው፤ ውሃው እዚያ ድረስ መጥቶ ይቆማል እንጂ አይገባም አለችኝ። አላመንኳትም። ብርጭቆ ደፍቼ ሳፋ ውስጥ ብነክረው እውነትም ውሃው አልሞላውም። እኔ አመንኩ፤ እንቅልፌ ግን አላመነም።

«ድንገት ቢጨንቅሽስ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አባባ፣ ብድግ ብሎ መውጣት የለም። አየሩ ደማችን ውስጥ ገብቷል፤ ቀስ በቀስ ካልወጣን ይገድለናል።»

እኔ እኮ ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት ዳር ካልሆነ የማልቀመጥ ሰው ነኝ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች። መስኮቷ ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ እየመጣ ያፈጥብናል። «ያ ሰውዬ ማነው?» እላታለሁ። «ጎረቤቴ ነው» ትለኛለች። «እድር ገብቷል?» እላታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ነው የምንውለው።

ከትናንት ወዲያ ግን ሳትደውል ቀረች።

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ወደ አብነት ሰፈር ወጣ ልበል ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ፤ መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋስ ብዬ ከበር ተመለስኩ። ደግሞ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ምድር ቤት የምትኖረውን አስካለን አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ሜላት እንዴት ናት? ሰሞኑን ወሬዋን አልሰማሁም።»

እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ መቀለድ ነው የሚቀናኝ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ባህር ውስጥ ገብታ ቀረች እኮ» አልኳት። የቤቱን ነገር ላጫውታት ስል ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወረደች። ቀልዴ አልጣማትም ብዬ ተውኳት።

እንግዲህ ትናንት ጠዋት በሩን ስከፍት የእድራችን ዳኛ አቶ በቀለ ቆመዋል። ከኋላቸው አስካለ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ከእሷ ኋላ ደረጃው እስከ ታች ድረስ ሰው ነው።

«እንዴት አደሩ አቶ ተፈራ?» አሉኝ አቶ በቀለ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «እስቲ ገባ ብለን እንቀመጥ።»

ይህችን አነጋገር አውቃታለሁ። ስንቱን ጎረቤት በዚህችው አነጋገር አስቀምጬ መርዶ ነግሬያለሁ። የውጭ አገር ሞት ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚደወለው ለጎረቤት ነው፤ ባለሐዘኑ የሚሰማው በመጨረሻ ነው። ስልኩ ያልመጣው ለካ ለዚህ ነው... ደግፈው አስቀመጡኝ።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«ትናንት ነው የሰማነው» አሉ አቶ በቀለ።

«ሬሳዋስ... ወጣ?»

«እሱን እንኳ አልሰማንም።»

ይሄኔ ነው ነገሩ የጎረበጠኝ። «ማነው የደወለላችሁ?»

አቶ በቀለ ወደ አስካለ ዞሩ። አስካለ እንባዋን እየጠረገች «ማንም አልደወለም ጋሼ። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፤ ደረጃው ላይ» አለች።

«እኔ?»

«እየሳቁ ነገሩኝ። ሐዘኑ አእምሮዎን የነካው መስሎኝ... ደንግጬ ሄድኩ። በወጉ ይረዱና፣ አልቅሰው ይውጣልዎ ብለን ነው የመጣነው።»

መሳቅ አማረኝ፤ አልወጣልኝም። የባህሩን ቤት፣ የአየሩን ነገር፣ ብርጭቆውን ሳይቀር አስረዳኋቸው። አቶ በቀለ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ሲያበቁ «እና ትናንት ደውላለች?» አሉኝ።

«አልደወለችም።»

ማንም ለመሄድ አልተነሳም። የመጣው ሰው ሁሉ ስልኬ ላይ አፍጥጦ ተቀመጠ። ያልቅሱ አያልቅሱ እነሱም አልለየላቸውም። አስካለ ነጠላዋን አንዴ ታቃናለች፣ አንዴ መልሳ ታዘቀዝቃለች። እኔ ተነስቼ በረንዳ እወጣለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ...

ፀሐይዋ የሰንጋ ተራ ፎቆች መስታወት ላይ ስታርፍ ስልኩ ጮኸ። ሜላት ናት፣ በቪዲዮ።

«አባባ ይቅርታ፣ ላይ ያለውን መገናኛችንን ማዕበል አበላሽቶት...» ብላ ሳትጨርስ ከኋላዬ የተኮለኮለውን ሰው አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። «አባባ... ማነው የሞተው?»

«አንቺ ነሻ» አልኳት። «ቀብርሽ ብቻ ነው የቀረው።»

አስካለ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «የኔ ልጅ፣ በይ አሁኑኑ ውጪልን።»

«አሁኑኑ መውጣት አይቻልም እትዬ አስካለ። እንዲያውም በሚቀጥለው ዙር ረዘም ላለ ጊዜ እንድገባ ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ።»

አቶ በቀለ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሱ። «መግባቱንስ ትግባ» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ስትገባ ግን እድሩ ይወቅ።»

ሜላት እየሳቀች ተሰናበተችን። ከባህር ስር ያለችው እሷ ናት፤ አየር ያጠረኝ ግን እኔ ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።